ነፃነትና ሱስ
ስለ ሰው ነፃ ፈቃድ፥ ስለ መንግሥት ሥልጣንና ስለ ካህናት ተግባር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በዘመናችን በየአገሩ ሰዎች የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ «አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ዕፅ ቢወስድና ሰውነቱን ቢጎዳ መንግሥት ምን አገባው?» የሚል ነው። አንዱ ወገን የሰውን ነፃነት ይዞ ይነሣል፤ ሌላው ወገን የሕግን ሰይፍ ይዞ ይነሣል። ይህ ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ልጁ በሱስ የተያዘበት አባት የቤቱ ዕቃ እየተሸጠ ሲያልቅበት ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ፥ «አባቴ፥ ልጄን ለፖሊስ ልስጠውን? ወይስ ወደ ጠበል ልውሰደው? ወይስ ወደ ሐኪም?» ብሎ ይጠይቃል። ካህኑም የሚመልስለት ቃል ሊኖረው ይገባል። መልሱ ከተግሣጽ አልፎ የሚጠቅም ይሆን ዘንድ፥ ነፃነት ምን እንደ ሆነ፥ ሱስ ምን እንደሚያደርግ፥ የመንግሥትም ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት የጻፍነው ስለዚህ ነው። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ስለ አገራችን የምንጠቅሳቸው ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

፩. ነፃነት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ መሆኑ

እግዚአብሔር ሰውን በአርአያውና በአምሳሉ በፈጠረው ጊዜ ዕውቀትንና ነፃ ፈቃድን ሰጠው። መጽሐፈ ሲራክ በ15ኛው ምዕራፍ እንደሚያስተምረን፥ ፈጣሪ ሰውን ለገዛ ምክሩ ትቶ እሳትና ውሃ በፊቱ አኖረለት፤ የሚመርጠውም እርሱ ራሱ ነው። ነፃ ፈቃድ ባይኖር ኖሮ ጽድቅም ኀጢአትም ባልኖሩ፥ ንስሐም ትርጉም ባጣ ነበር። ተገድዶ የጾመ ሰው ረኃብን እንጂ ጾምን አላወቀም፤ ተገድዶ የሰጠም ግብር ከፈለ እንጂ አልመጸወተም። እንግዲህ ማንም ሰው «ቤተ ክርስቲያን የሰውን ነፃነት ትቃወማለች» ቢል ከእውነት የራቀ ነው። ነፃነትን ከማንም አስቀድማ የሰበከች እርስዋ ናት።

ነገር ግን ነፃነት ማለት የልብን ምኞት ሁሉ መፈጸም ማለት አይደለም። ልጓሙን በጥሶ የሚጋልብ ፈረስ ከሩቅ ለሚያየው ነፃ የወጣ ይመስላል፤ በላዩ የተቀመጠው ሰው ግን ወዴት እንደሚሄድ አያዝዝም፥ ገደል ሲደርስም ማቆም አይችልም። የሥጋ ምኞትና የአእምሮ ነገርም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በ1ኛው መልእክቱ (6፥12) ሁሉ ቢፈቀድለት እንኳ ሁሉ እንደማይጠቅመው፥ ማናቸውም ነገር በእርሱ ላይ ጌታ እንዲሆን እንደማይፈቅድ አስታውቋል። ከዚህ ትምህርት የነፃነት መለኪያው ምን እንደ ሆነ እንረዳለን። መለኪያው «ይህን ማድረግ እችላለሁን?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ይህን መተውስ እችላለሁን?» የሚለው ጭምር ነው። ማድረግ የሚችል፥ መተው ግን የማይችል ሰው፥ ስሙ ነፃ ቢባልም ኑሮው የባሪያ ኑሮ ነው።

፪. ሱስ ነፃነትን እንዴት እንደሚወስድ

ሱስ ሲጀምር የባርነት መልክ የለውም። በር የሚያንኳኳው እንደ ወዳጅ ሆኖ ነው። ተማሪው ለጥናት ይነቃ ዘንድ፥ ሾፌሩ በሌሊት መንገድ እንዳያንቀላፋ፥ ሥራ ያጣው ወጣት ቀኑ እንዲያልፍለት ጫት ይቅማል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይከተላል፤ በመካከሉ ሲጋራው አይቋረጥም። እንዲህ ሲል አንዱ ሱስ ሌላውን እየጠራ ከሐሺሽና ከሌላውም ዕፅ የሚደርስ አለ። በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ዕፁን ይዞታል፤ በመጨረሻው ቀን ግን ዕፁ ሰውየውን ይይዘዋል።

የሕክምና ሊቃውንት የዚህን ነገር አካሄድ መርምረው ደርሰውበታል። በአእምሮአችን ውስጥ፥ ሰው ምግቡን በደስታ እንዲበላ፥ ልጁን እንዲያቅፍ፥ ወደ መልካም ነገርም ደጋግሞ እንዲመለስ የሚያነሣሣ ክፍል አለ። ይህን የሚያነሣሣው አንዱ ቅመም ዶፓሚን ይባላል። አደንዛዥ ዕፅ፥ አልኮልና ትምባሆ ወደዚህ ክፍል ገብተው ለሕይወት የተሠራውን መንገድ ለራሳቸው ያደርጉታል። ሰውነት እየለመደው ሲሄድ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። ያጣው እንደ ሆነ ሐራራ ይይዘዋል፤ ከኦፒየምና ከሄሮይን ወገን የሆነውን ሲያቋርጥ ላብ፥ ብርድ፥ ትውከትና እንቅልፍ ማጣት ይፈራረቁበታል። ስለዚህ ሱሰኛው ዕፁን የሚፈልገው ደስ ለመሰኘት መሆኑ ቀርቶ ከሥቃይ ለማምለጥ ይሆናል።

ይህን ሁኔታ ቅዱሳት መጻሕፍት ያውቁታል። እስራኤል ከግብፅ ባርነት ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ዓሣና ሽንኵርት እያሰቡ አለቀሱ (ዘኍ. 11)። ጡብ ያስረገጣቸውን ጅራፍ ረሱ፤ የድስቱን ሽታ ግን አልረሱም። ሐራራ ማለት ይህ ነው። በኦሪት ዘፀአት 21ኛ ምዕራፍ ደግሞ፥ ነፃ የሚወጣበት ዓመት ሲደርስ ጌታዬን እወዳለሁ፥ አልወጣም የሚል ባሪያ ከደጃፉ ቀርቦ ጆሮው በወስፌ እንዲበሳ ተጽፏል። ባሪያው በአፉ «ወድጄ ነው» ይላል፤ የተበሳው ጆሮው ግን የማን እንደ ሆነ ይመሰክርበታል። በሱስ የተያዘ ሰው «ፈቅጄ ነው፥ ማንም አያግባው» ሲል ስንሰማ፥ የሚናገረው ፈቃዱ ነው ወይስ ሰንሰለቱ? ብለን ልንጠይቅ ይገባል።

፫. «ሰውነቴ የራሴ ነው» ስለሚሉ ሰዎች

ለዚህ ክርክር መሠረት አድርገው ብዙ ሰዎች የሚጠቅሱት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ያሳተመውን «ስለ ነፃነት» የተባለውን መጽሐፍ ነው። ሚል እንዳስተማረው፥ ኅብረተሰብ አንድን ሰው በግድ ሊከለክለው የሚችለው በሌላው ሰው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ብቻ ነው፤ የራሱ የሰውየው ጥቅም ለግድ በቂ ምክንያት አይሆንም። በዚህም ምክንያት የመጠጥ ሽያጭን ፈጽመው የሚከለክሉ ሕጎችን፥ ኦፒየም ወደ ቻይና እንዳይገባ መከልከልንም ተቃውሟል። ይህ አሳብ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። መንግሥታት የዜጎቻቸውን ጥቅም ምክንያት እያደረጉ ስንት ጊዜ ኅሊናን እንዳስጨነቁ ታሪክ ያውቃል፤ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ክርስቲያኖችም ያውቃሉ።

ነገር ግን ይኸው ሚል በዚያው መጽሐፍ፥ ማንም ሰው ራሱን ለባርነት ሊሸጥ እንደማይችል፥ ነፃነትን ነፃነት ለማጥፊያ ማዋል እንደማይገባ አስተምሯል። እኛም ይህን ሁለተኛውን አሳብ ከመጀመሪያው ጋር አስተያይተን እንመርምረው። ሰው በአንድ ቀን፥ በአንድ ውል ራሱን መሸጥ የማይፈቀድለት ከሆነ፥ በብዙ ቀን፥ በጥቂት በጥቂቱ ራሱን ሲሸጥ ዝም ብሎ ማየት እንዴት ነፃነትን ማክበር ይባላል? የሽያጩ ዋጋ በየቀኑ ስለ ተከፈለ ሽያጭ መሆኑ አይቀርም።

እዚህ ላይ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። የጠጣ ሁሉ ባሪያ አይደለም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውሃውን ወይን አደረገ፤ ቤተ ክርስቲያንም ክቡር ደሙን በወይን ታቀርባለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ሲያስተምር፥ ነቀፋው በስካር ላይ እንጂ የእግዚአብሔር ፍጥረት በሆነው በወይን ላይ እንዳይሆን አስጠንቅቋል። ኦፒየም ከሚገኝበት ተክል የሚወጣው ሞርፊንም በካንሰር የሚሠቃየውን ሕመምተኛ ያሳርፈዋል። ክፋቱ ያለው በተፈጠረው ነገር ሳይሆን ሰው ያን ነገር በሚይዝበት ወይም በሚያዝበት አኳኋን ነው። ስለዚህ ጽዋን ሁሉ ወንጀል አድርጎ የሚቈጥር ሕግ ከልኩ አልፏል።

«ጉዳቱ የራሴ ብቻ ነው» የሚለውም ቃል ሲመረመር እምብዛም አይቆምም። ጠጥቶ ወይም መርቅኖ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ጉዳቱ የራሱ ብቻ ነውን? የልጆቹን የትምህርት ቤት ገንዘብ ለሱሱ የሚያወጣ አባትስ? ሰው ብቻውን የተተከለ ዛፍ አይደለም፤ ሲወድቅ በጥላው ያሉት ሁሉ አብረውት ይመታሉ።

ለክርስቲያንማ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አለ። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ፥ በዋጋም የተገዛ ስለ ሆነ የራሳችን አይደለም (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)። ይሁን እንጂ ይህ ቃል የሚሰበክ ቃል ነው እንጂ በፖሊስ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም። መንግሥት ያላመነውን ሰው በሐዋርያው ቃል ሊያስገድደው አይችልም፤ ያመነውንም ቢሆን ቅዱስ ሊያደርገው አይችልም። እንግዲያው የመንግሥት ሥራ ምንድር ነው?

፬. የመንግሥት ሰይፍ የሚደርስበት ቦታ

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ ባለሥልጣን ለሕዝብ መልካም የቆመ የእግዚአብሔር አገልጋይ መሆኑን፥ ሰይፍም በከንቱ እንዳልታጠቀ ያስተምራል። ይህ ሰይፍ በማን ላይ እንደሚመዘዝ የኦሪት ሕግ ሁለት ምሳሌ ይሰጠናል። አንደኛው፥ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በውስጡ ለወደቀው እንስሳ ዋጋ እንዲከፍል የሚያዝዘው ነው (ዘፀ. 21፥33-34)። ሁለተኛው፥ ቤት የሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ የሚያዝዘው ነው (ዘዳ. 22፥8)። እንግዲህ ሕግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የወደቀውን ሳይሆን የቈፈረውን ነው፤ መከታ የሚሠራውም ሰውን ለማሰር ሳይሆን እንዳይወድቅ ለመጠበቅ ነው።

ይህን የዘነጋ ዓለም ምን እንዳገኘው በቻይና ታሪክ ይታያል። የእንግሊዝ ነጋዴዎች በህንድ የሚመረተውን ኦፒየም የቻይና ሕግ እየከለከለው በድብቅ እያስገቡ ብዙ ሕዝብ በሱስ ያዙ። በ1839 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሊን ዜሹ ከ20,000 በላይ የሆነ ሣጥን ኦፒየም ተረክቦ በሁመን የባሕር ዳርቻ በኖራና በጨው ውሃ እያሟሟ አጠፋው። ከዚህ የተነሣ ጦርነት ሆነ፤ ቻይናም ተሸንፋ በ1842 በናንጂንግ ውል ሆንግ ኮንግን አስረከበች። ሁለተኛው ጦርነት ከተነሣ በኋላ በ1858 የኦፒየም ንግድ በሕግ ተፈቀደ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ከሚነሡት ስሞች አንዱ የንግድ ነፃነት የሚል ነበረ። የነጋዴው ነፃነት የሌላው ሕዝብ ሰንሰለት ሆነ። በ1909 በሻንጋይ ስለ ኦፒየም የዓለም መንግሥታት ጉባኤ ሲሰበሰብ ሊቀ መንበሩ ቻርልስ ብሬንት የተባለ በፊሊፒንስ የሚያገለግል የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበረ። በ1912ም በሄግ የመጀመሪያው የኦፒየም ስምምነት ተፈረመ። ስለዚህ ነገር የሃይማኖት ሰው ድምፅ በመንግሥታት ጉባኤ መሰማቱ አዲስ አይደለም።

ነገሩ በጨለማ ከሚሠሩ ነጋዴዎች ጋር ብቻ የተያያዘ እንዳይመስለን፥ ሄሮይን ራሱ በ1898 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሳል መድኃኒት ተብሎ ለገበያ እንደ ወጣ እናስታውስ። በአሜሪካም በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ወጣ፤ አምራቹ ፐርዲው ፋርማ የመድኃኒቱን ሱስ አስያዥነት አሳንሶ በማቅረብ ተከሶ በ2007 ጥፋተኛነቱን አመነ፥ በ2020ም እንደ ገና በሌላ ክስ አመነ። በሐኪም ወረቀት የጀመረው ሱስ ብዙዎችን ወደ ሄሮይን፥ ከዚያም ፈንታኒል ወደሚባለው ብርቱ ዕፅ አደረሳቸው። በ2021 በዚያ አገር ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የሞቱት ከ100,000 በላይ ነበሩ። ስለዚህ ነጭ ካባ ለብሶ፥ ፈቃድ አውጥቶ የሚቈፈር ጕድጓድም አለ። ይህን ጕድጓድ የሚያስከድን መንግሥት የማንንም ነፃነት አልቀማም፤ ነፃነትን ጠበቀ እንጂ።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም የአልኮል ማስታወቂያ እንዳይነገር ደንግጓል። ይህ ኦሪት ያዘዘውን የሰገነት መከታ ይመስላል፤ ፈቃዱ ገና ያልጸናውን ልጅ ይጠብቃልና።

ነገር ግን ለመንግሥትም የራሱ ፈተና አለበት። ከሰንሰለቱ ሽያጭ ግብር የሚቀበል እጅ ሰንሰለቱን ለመቍረጥ ይከብደዋል። በአገራችን ትምባሆ ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ብቸኛ ንግድ ሆኖ ኖሯል፤ ጫትም የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ምርቶች አንዱ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ስለ ከፋ ሳይሆን ልጆቹን የሚያበላበት ገንዘብ ከዚያ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ ገበሬውን «ንቀል» ከማለት በፊት ምን ሊተክል እንደሚችል ማሳየት ከመንግሥትም ከመካሪም ይጠበቃል።

፭. የመንግሥት ሰይፍ የማይደርስበት ቦታ

ሰይፍ ነጋዴውን ይከለክላል፤ የሱሰኛውን ፈቃድ ግን ሊፈውስ አይችልም። ለዚህ ከገዛ ታሪካችን ምሳሌ እናገኛለን። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፥ ሱረት የሳበም አፍንጫው ይቈረጥ እንደ ነበረ በጊዜው አገራችንን ያዩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ለሃይማኖት የነበራቸው ቅንዓት የሚታወቅ ነው፤ ትምባሆ ግን ከአገር አልጠፋም። ከንፈር ቢቈረጥ ምኞት አይቈረጥምና።

አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 ድረስ መጠጥ መሥራትንና መሸጥን በሕገ መንግሥቷ ከለከለች። መጠጡ ወደ ጓዳ ገባ፤ ወንበዴዎች በድብቅ ንግድ ከበሩ፤ የፖሊስ እጅም በጕቦ ረከሰ። በመጨረሻ ሕጉ ተሻረ። በፊሊፒንስ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በዕፅ ላይ በታወጀው ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ፤ ብዙዎቹም ድሆች ነበሩ። ዘመቻውን ያወጁት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ በ2025 ተይዘው ወደ ሄግ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ተላልፈዋል። የገዳይ ዕፅ ጠላት ነኝ ብሎ ራሱ ገዳይ መሆን ፈውስ አይደለም።

እንግዲህ «ቅጣቱ ሁሉ ይቅር» እንበልን? ይህንም የሞከሩ አሉ፤ ከሁለቱ አገሮች ልዩነት እንማር። ፖርቱጋል በ2001 ለራስ መጠቀሚያ ጥቂት ዕፅ መያዝን ከወንጀል አውጥታ በደንብ መተላለፍ ብቻ እንዲታይ አደረገች። ነገር ግን ሰውየውን ዝም ብላ አልተወችውም። የሕግ፥ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ዐዋቂዎች ወደሚገኙበት ጉባኤ ታቀርበዋለች፤ ወደ ሕክምናም ትመራዋለች፤ ነጋዴውን ግን እንደ ቀድሞው በወንጀል ትቀጣለች። በአሜሪካ የኦሪገን ክፍለ ግዛትም በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። እዚያ ግን ቅጣቱ ቀድሞ ሲነሣ የሕክምናው ገንዘብ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሱሰኛው በአደባባይ ወድቆ ታየ። በ2024ም ሕጉ ተመልሶ ዕፅ መያዝ ወንጀል ሆነ። ሰንሰለቱን ለመፍታት የሚመጣ ሰው ሳይዘጋጅ የእስር ቤቱን በር መክፈት ብቻ ነፃ ማውጣት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ሁሉ የሚጠቀልል ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጾች እናገኛለን። አዳምና ሔዋን በወደቁ ጊዜ እግዚአብሔር አዳምን ወዴት እንዳለ ጠየቀው፤ ሔዋንንም ያደረገችውን ጠየቃት። እባቡን ግን አልጠየቀውም፤ ወዲያው ፈረደበት። በሰዎቹ ላይ ቅጣት አልቀረም፤ ከገነት ወጡ፥ በላብ እንዲበሉም ተፈረደ። ሳያለብሳቸው ግን አልሰደዳቸውም፤ የቍርበት ልብስ አለበሳቸው (ዘፍ. 3)። የወደቀውንና የጣለውን በአንድ ሚዛን አልመዘነም። ስለዚህ አንድ ሕግ መልካም መሆኑን የምንለየው በዚህ ነው፦ ለእባቡ ፍርድ፥ ለአዳም ጥያቄና ልብስ ያለው ከሆነ መልካም ነው። እባቡን ትቶ አዳምን ብቻ የሚያስር ሕግ ሰነፍ ነው፤ ሁለቱንም የሚተው ሕግ ደግሞ ሕግ አይባልም።

፮. ስለ ካህናትና ስለ ቤተሰብ ተግባር

በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ (ዮሐ. 5) ለዚህ ነገር ጥሩ መምህር ነው። ጌታችን ሁሉን ሲያውቅ አስቀድሞ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ፈዋሹ አምላክ እንኳ የሰውን ፈቃድ አልፎ አልገባም። ሰውየው ግን ስለ ፈቃዱ ሳይመልስ፥ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። የሱሰኛም ነገር በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይቆማል፦ ፈቃዱ ሊጠየቅ ይገባል፤ የሚያወርደውም ሰው ሊኖረው ይገባል። እንግዲህ የሚከተሉትን ለካህናት አባቶቻችንና ለምእመናን በትሕትና እናሳስባለን።

አንደኛ፥ የሱሰኛውን ነውር አንግለጥ። ኖኅ ሰክሮ ዕራቁቱን ሲተኛ ሴምና ያፌት ወደ ኋላ ሄደው ሸፈኑት (ዘፍ. 9)። በዐውደ ምሕረት የተሰደበ ወጣት ወደ ንስሐ አባቱ አይመለስም።

ሁለተኛ፥ ጠበልና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል፤ ይህ ምክር ለሱስም ይሠራል። በተለይም ይህን ሁሉም ካህን ይወቅ፦ ለብዙ ዘመን አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ቢያቋርጥ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፥ ሊቃዥ፥ እስከ ሞትም ሊደርስ ይችላል። «ከዛሬ ጀምረህ ተው» ከማለታችን በፊት ሐኪም ይየው። እንደ ሜታዶን ያለ የሱስ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደውንም «ገና ሱሰኛ ነህ» ብለን አናሳፍረው።

ሦስተኛ፥ ሰንሰለት ፈውስ አይደለም። በአንዳንድ ጠበል ቦታ ሕመምተኞችና ሱሰኞች ታስረው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ራሱን ሊገድል ወይም ሌላውን ሊመታ የተነሣን ሰው ለጊዜው መያዝ ከእሳት እንደ ማውጣት ነው፤ ሰውን ወራት ማሰር ግን ከአንዱ ባርነት ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የዚህ ዓይነት ሕመምተኛ እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ያለ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ይወሰድ፤ ካህኑም እዚያ ሄዶ ይጸልይለት።

አራተኛ፥ በመጀመሪያ ያነሣነው አባት ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ልጁ ሌሎችን የሚጎዳ ወይም ዕፁን ለሌሎች ልጆች የሚሸጥ እንደ ሆነ፥ ወደ ሕግ መሄድ ባልንጀራን መጠበቅ ነው፤ አባትነትም አይከለክለውም። የታመመ ብቻ እንደ ሆነ ግን ወደ ሐኪምና ወደ ንስሐ አባት ይወሰድ። የጠፋው ልጅ አባት (ሉቃ. 15) ልጁ በሩቅ አገር ሲያባክን ተጨማሪ ገንዘብ አልላከለትም፤ ጭፍራ ልኮም በግድ አላስመጣውም፤ ደጁን ግን አልዘጋም። ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አየው፤ ይህም ዓይኑን ከመንገዱ እንዳላነሣ ያስረዳል። ገንዘብ መከልከልና ፍቅር መከልከል አንድ አይደሉም።

አምስተኛ፥ የተነሣው ደግሞ ቢወድቅ ተስፋ አንቍረጥ። ሱስ በአንድ ጊዜ የሚለቅ ለጥቂቶች ነው። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ቍጥርን የሚያስረሳ ነበረ (ማቴ. 18)። የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖናም የታመመውን የሚያበረታ እንጂ የሚሰብረው አይሁን።

ስድስተኛ፥ የራሳችንን ማዕድ እንመርምር። በማኅበርና በዝክር፥ በተዝካርና በሠርግ «ካልጠጣህልኝ አልወደድኸኝም» እያሉ ጠላና አረቄ ማስገደድ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ከመጠጥ ለመላቀቅ በብርቱ የሚታገል ሰው በቤተ ክርስቲያን ልጆች ማዕድ ላይ ከወደቀ፥ ጕድጓዱን የቈፈርነው እኛ ነን። በስመ እግዚአብሔር የተዘረጋ ማዕድ ለማይጠጣው ሰው ውሃና ብርዝ በክብር ያቅርብ፤ «ለምን?» ብሎም አይጠይቀው።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ መንግሥት ጕድጓዱን ይክደን፥ ሰገነቱንም ይከልል፤ ሐኪሙ ቍስሉን ይጠብ፤ ቤተሰቡ ደጁን ከፍቶ ይጠብቅ፤ ካህኑም ወደ ውሃው የሚያወርድ ሰው ይሁን። ከእነዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ ልሥራ ሲል ወይም የራሱን ሥራ ለሌላው ሲተው፥ በመካከል የሚጠፋው ያ በሱስ የታሰረው ወንድማችን ነው። ፈቃዱን ግን ከፈጣሪ በቀር ማንም ሊመልስለት አይችልም፤ ፈጣሪም የሚመልስለት እርሱ «እወዳለሁ» ባለ ጊዜ ነው። እኛ ያን ቃል እስኪናገር ድረስ በሕይወት እንዲቆይ ልንጠብቀው፥ በተናገረም ጊዜ ከአጠገቡ ልንገኝ ይገባናል።

የታሰሩትን የሚፈታ፥ የወደቁትን የሚያነሣ አምላካችን በሱስ ለተያዙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈቃዳቸውን ይመልስላቸው፤ ለመሪዎቻችን ማስተዋልን፥ ለካህናቶቻችን ርኅራኄን፥ ለወላጆች ትዕግሥትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።